ጎማ ላይ የተተከለች ሴት

አርዲስ ቮልማን በጥቅምት ወር ብቻዋን፣ አልጋና ምድጃው ውስጡ ያለ ቤት-መኪናዋን እየነዳች ወደ ሠፈራችን ስትገባ፣ እኛ እንደ ልማዳችን ወንበሮቻችንን አውጥተን ተደርድረን ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ እንዲህ ነን። የብርዱን ወራት በአሪዞና በረሃ የሚያሳልፍ ጡረተኛ ሌላ ቲያትር የለውም። ባል መሪውን ጨብጦ ያንን አውቶቡስ የሚያክል ነገር ወደ ኋላ ሊያስገባ ይታገላል፤ ሚስት ከኋላ ቆማ «ና፣ ና፣ ና» እያለች እጇን ታወናጭፋለች፤ እሱ በየትኛው መስታወት እንደሚያያት ግራ ይገባዋል፤ ከጫጉላ ጀምሮ የተዳፈነ ቂም ሁሉ በዚያች ደቂቃ ይፈነዳል። እኛ ለውዝ እየቆረጠምን እናያለን። አርዲስ ግን ይህን ደስታ ነፈገችን። በወዲህ ተገብቶ በወዲያ የሚወጣበትን ሰፊ ቦታ መርጣ ቀጥ ብላ ገባች። ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት አላስነሳችውም።

ዓለምን ልዞር ነው ብላ ቤቷን ሸጣ የወጣች ሴት ናት እንግዲህ ይህቺ።

አርዲስ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ነብራስካ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ስትቀበል ኖራ ጡረታ ወጣች። ቤት ነበራት ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ቤቱ ነው አርዲስን ይዞ የኖረው። በበጋ ሣሩ ይታጨዳል። የሚበላው ከብት የለም፤ ታጭዶ ይጣላል፣ መልሶ እንዲበቅል ውሃ ይጠጣል፣ ሲበቅል ይታጨዳል። ይህን ሥራ ለሰው ልጅ የፈለሰፈ ጠቢብ ሐውልት ይገባው ነበር፤ ርግቦች የሚያርፉበት። በብርድ ጊዜ ደግሞ በረዶ ይዛቃል፤ ማታ የዛቁት ጠዋት ተመልሶ በር ላይ ይጠብቃል። ጋራዡ ውስጥ መኪና አይገባም፤ ማንም የማይፈልገው ዕቃ ሞልቶታል። ዕቃው ከዝናብ ተጠልሎ መኪናዋ ውጭ ትዝጋለች። ባሏ ሃርላን ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጌታ ሲያገለግል ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ የሣሩን ግማሽ አጭዶ ግማሹን ሳይጨርስ ልቡ ቀጥ አለች። ሊያጽናና የመጣው ጎረቤት እጇን ይዞ እያዘነ፣ ዓይኑ ግን ካልታጨደው ግማሽ ላይ አልተነቀለም። አርዲስ ቤቱን ለመሸጥ የቆረጠችው ያንን ዓይን ያየች ጊዜ እንደሆነ ነግራኛለች።

ልጇ ሮክሳን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ሮክሳን ኦማሃ ከተማ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ሰው በምን በምን እንደሚሞት ስታሰላ ውላ ማታ ወደ ቤቷ የምትገባ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው እናቱን ሜዳ ላይ አይለቅም። ከቤቷ ሥር፣ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል አሰናዳችላት፤ ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥን፣ ድንገት ብትወድቅ የምትጫነው ደወል። መስኮትም አለው፣ ከጣሪያው ሥር የተወሸቀ፤ ቀና ብለው ሲያዩ የሚታየው የሣር ሥር ነው። አርዲስ ክፍሉን ተዘዋውራ አየች፣ ምንጣፉን አመሰገነች፣ በሳምንቱ ሄዳ ቤት-መኪና ገዛች።

የቤት-መኪና ሻጮች የሚያድሉትን ወረቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽበታቸው የተበጠረ ባልና ሚስት በፀሐይ መጥለቂያ ወይን ይዘው ይሣሣቃሉ፤ ከኋላቸው ተራራ፣ ከጎናቸው ቤት-መኪናው። ጥርሳቸው ያበራል። በዚያ ወረቀት ላይ ነፋስ የለም፣ ጎማ አይፈነዳም፣ ሰዎቹም ከተወለዱ ጀምሮ ሽንት ቤት ገብተው የሚያውቁ አይመስሉም። አርዲስ ያንን ወረቀት አምና ተነሳች። ኒው ሜክሲኮ ላይ የጎን ነፋስ ያዛት። የጭነት መኪና ባለፋት ቁጥር ያ ሁሉ ቤት ከነምጣዱ ከነብርጭቆው ወደ መንገዱ ዳር ይገፋል፣ እሷ መሪው ላይ ተጣብቃ «አምላኬ፣ አምላኬ» ትላለች። ሠፈራችን ስትደርስ ጣቶቿን ከመሪው ለማላቀቅ አንድ በአንድ መፍታት ነበረባት።

እና ተተከለች።

በመጀመሪያው ወር መሬቱ ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። አረንጓዴ፣ የፕላስቲክ ሣር። ሣር ሸሽታ ስንት አገር አቋርጣ የመጣች ሴት የፕላስቲክ ሣር ገዝታ በመጥረጊያ ትጠርገው ጀመር። ቀጥሎ ነጭ የፕላስቲክ አጥር መጣ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት፤ ምን እንዳይገባ እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ጥንቸሎቹ ሳይዘሉ ነበር የሚሻገሩት። ከዚያ የአበባ ማሰሮዎች፣ ከዚያ የፖስታ ሣጥን፤ ፖስተኛ ግን በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም። የቀራት የሚዛቅ በረዶ ብቻ ነበር። የጎረቤታችን የቨርን ሚስት ኢነዝ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተሻግራ፣ ጎማዎቹንም አፈር ብታለብሻቸው ሥር ይሰዱ ነበር አለቻት። አርዲስ ሳቀች፣ ግን ፊቷ ቀልቶ ነበር።

ምክንያቱም እሷም ታውቀዋለች። በረሃችን ሚያዝያ ሲገባ ምድጃ ይሆናል፤ ሠፈሩ ይዘጋል፣ ሁሉም ሞተሩን አስነስቶ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ወይ ያን ጊዜ መሪውን ትጨብጣለች፣ ወይ ሮክሳን መጥታ ወደዚያች ከሣር ሥር ወዳለችው መስኮት ትወስዳታለች። ሦስተኛ መንገድ የለም። ይህን እያወቀች በየጠዋቱ የፕላስቲክ ሣሯን ትጠርጋለች።

ለልጇ ደግሞ ትዋሻለች። ሮክሳን እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ አርዲስ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንድ ጊዜ ዩታ ነኝ፣ አንድ ጊዜ ኔቫዳ ነኝ ትላለች፤ ቀይ ድንጋዩን፣ ሐይቁን፣ የበላችውን የዓሣ ጥብስ ታወራለች። እኛ አጠገቧ ያለነው ሰዎች ዝም እንል ነበር። ኮሎኔል ግን ዝም አይልም። ኮሎኔል የኢነዝ ውሻ ነው፤ ቁመቱ ከጫማ አይበልጥም፣ ድምፁ ግን የተሰነጠቀ መለከት ነው።

«ዛሬስ የት ነሽ፣ እማዬ?» አለች ሮክሳን አንድ እሑድ።

«ካሊፎርኒያ። ባሕሩ ዳር ቁጭ ብያለሁ።»

ኮሎኔል ጮኸ።

«ይሄ ውሻ ባለፈው ሳምንት ዩታ ነበረ» አለች ሮክሳን። «አሳፍረሽው ነው የምትዞሪው?»

አርዲስ የውሻ ጩኸት ሁሉ አንድ ነው ብላ ስልኩን ዘጋች። ልጅቷ ግን የኢንሹራንስ ሰው ናት፤ የተቃጠለ ቤት ውስጥ ገብታ ክብሪቱን የጫረው ማን እንደሆነ በማሽተት የምትለይ። በየካቲት መጨረሻ ሳትነግራት አውሮፕላን ተሳፍራ፣ መኪና ተከራይታ መጣች።

አጥሩ አጠገብ ቆመች። ማሰሮዎቹን አየች፣ የፖስታ ሣጥኑን ከፍታ ባዶውን አይታ ዘጋች። ኮሎኔል እየጮኸ ጫማዋን አሸተተ፤ ጎንበስ ብላ «ሰላም፣ አንተን እንኳ አውቅሃለሁ» አለችው። እናቷን ስታቅፍ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ቤት ነው። ያውም ትንሽ ቤት። አንድ ቦታ መቀመጥ ከሆነ ሐሳብሽ፣ እኔ ጋ ተቀመጪ።»

ሮክሳን በማግስቱ ከተማ ያለ ያገለገሉ ቤት-መኪናዎችን የሚገዛ ሰው ጠራች። አርዲስ ልብሷን ታጥፍ ጀመር። እንባ አልነበረም፤ ታጥፋለች፣ ያጠፈችውን ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

ገዥው መጣ፤ ቀጭን፣ ትሑት ሰው። ጎማውን ጫን ጫን አደረገ፣ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ሞተሩን አየ፣ ሁሉ ደስ አለው። በመጨረሻ ጓንቱን አጥልቆ ከጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፈተ፤ ቱቦዎቹ ያሉባትን። እዚያች ላይ ፊቱ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ስለ ክብር ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። በሠፈራችን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ወይን ይቀዳል፣ በሆምጣጤ የተነከረ ኪያርና አይብ ይዞራል፣ የሚወራውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ታንከር። የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው፣ ሰባኪ የነበረ ሰው፣ የባንክ ሰው የነበረው ቨርን ራሱ፣ ስለ ሽንት ቤታቸው ታንከር ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ምን ያህል ሞላ፣ መቼ ተደፋ፣ ምን መድኃኒት ተጨመረበት። ሰው ሲያረጅ ጠቢብ ይሆናል የሚሉ ሰዎች መጥተው ይስሙ። አርዲስ ግን በጨዋ ቤት ያደገች ሴት ናት፤ ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል ብርጭቆዋን ይዛ ትነሳለች። «ደህና እደሩ» ትላለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ስለዚህ እኛ ሁላችን የምናውቀውን አንዱን ነገር ሳታውቅ ቀረች።

ነገሩ ቀላል ነው። መሬት ላይ የቆመ ቤት ቱቦ ምንጊዜም ክፍት ነው፤ ታወርጃለሽ፣ ይሄዳል። የኛ ግን ከወለሉ ሥር ታንከር፣ በታንከሩ አፍ ላይ መዝጊያ ቫልቭ አለው፣ ቫልቩም ይዘጋል። ታንከሩ ከብዙ ውሃ ጋር እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ እጀታው ይሳባል፣ ሁሉም በአንድ ጎርፍ ይወጣል። ቫልቩን ክፍት ትቶ የሚኖር ሰው ግን ውሃው እየቀደመ ይሄድበታል፣ ሌላው ይቀራል። የቀረው ይደርቃል። በደረቀው ላይ ሌላ ይመጣል። ሠፈራችን ለዚህ ስም አለው፤ ፒራሚድ ይለዋል። የሚገነባውም ያው አዲስ ከቤት የወጣ ሰው ነው።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው የተከፈተው?» አለ ገዥው።

«ከመጣሁ ጀምሮ» አለች አርዲስ። «ነብራስካ እኮ ዘግቼ አላውቅም።»

ሰውዬው ትንሿን በር የሬሳ ሣጥን እንደሚከድን ሰው ቀስ አድርጎ ገጠማት። ቤት-መኪናውን እወስዳለሁ አለ፣ ግን ባዶ ሆኖ፣ ታጥቦ፣ ከተማ ድረስ መጥቶልኝ። ጓንቱን ሜዳ ላይ አውልቆ ጥሎ ሄደ።

ሮክሳን ፍሳሽ የሚመጥ መኪና አስመጣች። ሠራተኛው ቱቦውን አስገባ፣ ሞተሩን አንቀሳቀሰ፣ የአንድ አጭር ጸሎት ያህል ጠበቀ፣ ቱቦውን አወጣ። «ኮንክሪት ነው» ብሎ ሄደ። ያን ቀን ሠፈሩ በዓል ሆነ። ወንዶቹ በሙሉ መጡ፤ እያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ይዞ፣ የሌላውን ጠርሙስ እየናቀ። አንዱ ሆምጣጤ ይላል፣ አንዱ የዕቃ ሳሙና፣ አንዱ ረጅም ሽቦ ይዞ መጥቶ በጎረቤቱ ሽቦ ሳቀ። ቨርን መሐላቸው ቆሞ እንደ ጦር መሪ ያዝዛል። አርዲስ አጥሯ ውስጥ ቆማ፣ በሕይወቷ አፏን ሞልታ ያላወራችውን ነገር ግማሽ ሠፈር በድምፅ ብልጫ ሲወስንበት ታያለች። አሳዘነችኝ። ሳቄንም መያዝ አልቻልኩም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከሆምጣጤና ከሳሙና የተገኘ ነገር ቢኖር ሽታ ነው። ማታ ሲሆን ኢነዝ ወንዶቹን አባራ፣ ኮሎኔልን ብብቷ ሥር ወሽቃ መጣች።

«እሱን ነገር ቆሞ ማንም አያወጣውም፤ ባሌም ያውቀዋል፣ መናገር ግን ትልቅነቱን ይቀንስበታል» አለች። «ቫልቩን ዝጊ፣ ውሃ ሙይበት፣ ከላይ በረዶ አፍስሺበት፣ ከዚያ ወደ ድሮው ማዕድን ማውጫ የሚሄደው ኮረኮንች ላይ ውሰጂው። መንገዱ ራሱ ይንጠዋል። ቤት-መኪና ሲሄድ ነው የሚጸዳው፣ እናቴ።»

ሲሄድ የሚለውን ቃል ስትሰማ አርዲስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ጠዋት ቨርን ኮፍያውን አድርጎ፣ የመነጽሩን ጥቁር ሽፋን አውርዶ፣ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ መጣ። እሱ ይነዳዋል፤ ለዚህ ዓይነት መንገድ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ሴቶቹ በኢነዝ መኪና ይከተሉ። ሮክሳንም ተገላገልኩ ብላ፣ አዎ እሱ ይንዳው አለች። ቁልፉ በአርዲስ እጅ ነበር። የቨርንን መዳፍ አየች። ስታስበው እኮ አንድ የባንክ ሰው፣ የማያውቃት ሰው፣ የሷን የአራት ወር ነገር ከኋላው አንጠልጥሎ በሠፈሩ መሐል ሊያልፍ ነው፤ ሲመለስም ለክቡ ሁሉ ሊያወራው ነው፣ እስከ ሚያዝያ፣ ከሚያዝያም በኋላ በየሄደበት አገር።

«አመሰግናለሁ፣ ቨርን» አለች። «የኔን ጉድ ግን አንተ ተሸክመህ አትዞርም።»

ከዚያ የሆነው ፈጣን ነበር። የፕላስቲክ ሣሩ ተጠቀለለ፣ ከሥሩ የገረጣ መሬትና አንድ የተቆጣ ጊንጥ ወጣ። አጥሩ ተነቀለ። ማሰሮዎቹን ኢነዝ ወሰደች። ውሃው ተሞላ፣ ሮክሳን ከሠፈሩ ሱቅ ያመጣችውን የበረዶ ከረጢት እናቷ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ታፈስሰዋለች፣ ሁለቱ እየተቀባበሉ፣ ሳይተያዩ። ቨርን ሞተሩ ከቆመ ቆይቷል፣ አይነሳም አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ተስፋ ነበረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ።

ሮክሳን ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። እኔን ከኋላ አስቀመጡኝ፣ የቁም ሣጥኑን በር እንድይዝ፤ መቀርቀሪያው ልቅ ነበር። አርዲስ ከሠፈሩ በር ስትወጣ የሰው እግር ይቀድማት ነበር። የተሰለፉት ሽማግሌዎች ሁሉ እጃቸውን አውለበለቡ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለታንከሩ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

ኮረኮንቹ ላይ ስንወጣ ዓለም ተናወጠች። ማንኪያዎቹ መሳቢያ ውስጥ ይዘፍናሉ፣ ብርጭቆ ይወድቃል፣ ከእግራችን ሥር ደግሞ ውሃውና በረዶው ሲጋጩ የተቆጣ ወንዝ ድምፅ ያሰማሉ። ሮክሳን በሩን በአንድ እጅ፣ መቀመጫውን በሌላው ጨብጣ፣ ቀስ በይ እማዬ፣ ጉድጓድ እማዬ፣ በቀኝ እማዬ ትላለች። አርዲስ ግንባሯ ላይ ላብ ወጥቷል፤ ግን እጇ ጣት በጣት የሚፈታ ዓይነት አልነበረም። አንድ ጉብታ ላይ ሦስታችንም ከመቀመጫችን ተነስተን ወረድን፣ ከሥራችን አንድ ነገር «ጓ» ብሎ ተሰበረ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ሮክሳን።

«ይመስለኛል እሱ ነው» አለች አርዲስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነት ጨመረች።

ትንሽ ቆይታ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ጠየቀች። «ሮክሳን፣ ቤትሽ ውስጥ እንድኖር ትፈልጊያለሽ?»

«ክፍሉ ተዘጋጅቷል።»

«ስለ ክፍሉ አልጠየቅሁሽም።»

እኔ የቁም ሣጥኑን በር ይዤ አየር ለመሆን ሞከርኩ። መንገዱ እያንገጫገጫት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ሮክሳን ተናገረች።

«አልፈልግም፣ እማዬ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔና አንቺ አንድ ጣሪያ ሥር ገና አንድ ወር ሳይሞላን እንገዳደላለን። ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ፖሊስ ነው፣ ገደል ገብታለች እላለሁ። አልተኛም። ክፍሉን ያዘጋጀሁት እንድተኛ ነው።»

አርዲስ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ስትሠራ ሕመሙ የቀረለት ሰው እንዲህ ሲስቅ ብዙ ጊዜ ሰምታ መሆን አለበት።

«እኔም ያንን የክፍሉን ምንጣፍ ጠላሁት» አለች። «ልነግርሽ ግን አፈርኩ። እዚህ መጥቼ ስቀመጥም አፈርኩ። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ ምናምን ያልኩሽ። ነፋሱ አስፈርቶኝ ነበር፣ ልጄ፣ ሌላ ምንም አይደለም። እየነዳሁ እፈራለሁ። አሁንም እየፈራሁ ነው።»

«እየነዳሽ ነው ግን።»

«እየነዳሁ ነው» አለች አርዲስ፣ ራሷም አሁን ገና እንዳስተዋለችው።

ኮረኮንቹ አልቆ አስፋልቱ ዳር፣ ቤት-መኪናዎች ታንከራቸውን የሚደፉበት ቦታ አለ። ሦስት ሰዎች ተራ ይዘው ነበር። አርዲስ ወረደች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ቱቦውን ገጠመች። ሮክሳን ላግዝሽ አለች፤ አያስፈልግም አለች። እጀታውን ሳበች።

ለትንሽ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ መጣ። ያ ድምፅ የሠፈራችን ሰው ሁሉ ከሙዚቃ አስበልጦ የሚያውቀው ድምፅ ነው፤ ቱቦው እንደ ዘንዶ ተንቀጠቀጠ፣ ተነፋ፣ አገሳ፣ ማቆሚያም አጣ። ተራ የያዙት ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው መጡ። አንዱ ሽማግሌ ጆሮውን ወደ ቱቦው ዘንበል አድርጎ ሰማና፣ «የስንት ጊዜ ነው ይሄ?» አለ። አርዲስ ቀና ብላ፣ ፊቷ ሳይቀላ፣ «ከጥቅምት ጀምሮ» አለችው። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ጨበጣት። ጓንቷን እንኳ አላስወለቃትም። ይህን ያደረገ ሰው ወዳጅ ነው።

ሮክሳን የመኪናው ጎማ ላይ ተደግፋ እየሳቀች ነበር፣ እንባዋ እስኪወርድ፤ መቆም አቅቷት አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ሦስተኛ ጊዜ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲወጣ፣ አርዲስ ቫልቩን ዘግታ እጇን በሳሙና ፈትጋ መጣችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ሁለቱ ከአንድ ሳህን የድንች ሰላጣ በሉ፤ እዚያው፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሽታ። የተራበ ሰው አይመርጥም ቢባልም፣ ረሃብ አልነበረም እሱ። ሸክም ያወረደ ሰው እንዲህ ይበላል።

ከዚያ አርዲስ ገዥው እየጠበቀ ይሆናል አለች። ሮክሳን ስልኳን አወጣች። የመሥሪያ ቤት ድምፅ አላት፤ ቤት ለተቃጠለበት ሰው ክፍያ የለህም የምትልበት። በዚያ ድምፅ ታንከሩ ባዶ መሆኑን፣ መታጠቡን፣ ቤት-መኪናው ግን የማይሸጥ መሆኑን ነገረችው። ሰውዬው ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሮክሳን «እናቴ እየነዳችው ነው» ብላ ዘጋች።

ወደ ሠፈሩ ስንመለስ አርዲስ ሞተሩን አላጠፋችም። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ሳለ አጥሩን ለፈለገ ሰው ሰጠች፤ ቨርን ወሰደው። የፕላስቲክ ሣሩን ማንም አልፈለገም። በማግስቱ ጠዋት ሮክሳን የአውሮፕላኗን ቲኬት ለሚቀጥለው ሳምንት አዛውራ፣ የተከራየችውን መኪና መልሳ፣ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ተሳፈረች። ወዴት ብለን ስንጠይቅ አርዲስ ወደ ሰሜን አለች፤ ሌላ አልተናገረችም፣ የምታውቅም አልመሰለኝም።

ከዩታ ደወለችልኝ። አጭር ወሬ ነበር፣ እየነዳች፣ በሹክሹክታ። ነፋስ ነበረ፤ ፈርታ መንገድ ዳር ቆመች፣ እስኪያልፍ ጠበቀች፣ ቀጠለች። ለምን እንደምትንሾካሾክ ጠየቅኋት። ያቺ አልተኛም ያለችው ሮክሳን ጠዋት ጎኗ ቁጭ ብላ ካርታ እያየች ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ራሷ መስኮቱ ላይ ወድቆ፣ አፏ ተከፍቶ። የጭነት መኪኖች አለፉ፣ አልነቃችም። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ አልነቃችም። አርዲስ ቤንዚን ለመቅዳት አንድ ቦታ ቆማ ነበር፤ ልጅቷ ስትንቀሳቀስ ግን ሳትቀዳ ሞተሩን መልሳ አስነሳችና መንዳት ቀጠለች፤ እንዳትነቃባት።